ዲኤችኤል ወይስ ኢኤምኤስ?

ከውጭ ወደ አዲስ አበባ ዕቃ ሲላክ የግል የፈጣን መላኪያ ድርጅቱ ዲኤችኤል በፍጥነት ይበልጣል። የጉምሩኩን ጣጣም ይጨርስልዎታል፤ ቀረጡን ቀድሞ ሲከፍልልዎ ግን የአገልግሎት ክፍያ ይጨምርበታል። በፖስታ ቤት የሚመጣው የፈጣን መልእክት አገልግሎት ኢኤምኤስ በአብዛኛው ርካሽ ነው። ላኪው ሲኤን 23 የተባለውን የጉምሩክ ቅጽ ይሞላል።

ብዙ ሰው የሚዘነጋው ነገር አለ። በኢትዮጵያ ቀረጥ የሚሰላው በዕቃው ዋጋ ብቻ አይደለም፤ የማጓጓዣና የኢንሹራንስ ወጪም ይደመርበታል። ስለዚህ ውድ መላኪያ ቀረጡንም ያንረዋል! ለልብስና ለጫማ እኔ ኢኤምኤስን እመርጣለሁ። ለሚያስቸኩል የትምህርት ማስረጃ ግን ዲኤችኤል ይሻላል፤ እንዲህ ያለ ሰነድ በአብዛኛው ቀረጥ የለበትም። በየትኛውም ይላኩ፣ የዕቃው መግለጫ ላይ «ስጦታ» ብቻ ብለው አይተዉት። የዕቃውን ዓይነት፣ ብዛትና ትክክለኛ ዋጋ በዝርዝር ይጻፉ፤ የግዢ ደረሰኙንም አብረው ያያይዙ።