በጾም የወደድሁት፣ በፋሲካ ያስመረረኝ ስፒከር

ይህን ጥንድ የመደርደሪያ ስፒከር ከአዲስ አበባ ገዝቼ ደብረ ብርሃን ያስገባሁት ዐቢይ ጾም ሊገባ አንድ ሳምንት ሲቀረው ነበር፤ እነሆ ስምንት ወር ሆነው። ለምርጫ የቀረቡልኝ ሁለት ነበሩ። አንደኛው ከጀርባው ቀዳዳ ያለው፣ ዛሬ ቤቴ የሚገኘው ነው። ሁለተኛው ዙሪያው የተደፈነ ትንሽ ሣጥን ሲሆን፣ ቢቢሲ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ለጠባብ የስርጭት መኪና ያስነደፈውን ኤልኤስ 3/5ኤ የተባለ ትንሽ ስፒከር አብነት አድርጎ የተሠራ ነበር። ዋጋቸው ስለተቀራረበ ለጆሮዬ ፈረድሁ፤ በሰፊው ሱቅ ውስጥ የባለ ቀዳዳው ባስ፣ ማለትም ወፍራሙ ዝቅተኛ ድምፅ፣ ልቤን ወሰደው።

ጾሙን ሙሉ የሰማሁበት በገና ነው። የበገና ልዩ ንዝረት የሚመጣው በአውታሩና በብርኩማው መካከል ከምትገባው እንዚራ ከምትባለው ቁራጭ ቆዳ ነው። በድሮው ስፒከሬ ዐሥሩም አውታር አንድ ላይ ተጨፍልቆ እንደ ንብ ጉምጉምታ ይሰማኝ ነበር፤ በዚህኛው ግን እያንዳንዱ አውታር የራሱን ንዝረት ይዞ ይመጣል፣ ጣት አውታሩን ስትለቅ እንኳ ይለያል። በእነዚያ 55 ቀናት ላወጣሁት ገንዘብ አንዲት ቀን አላዘንሁም።

በጾሙ ከበሮ አይመታምና ጉዱን ያየሁት በፋሲካ ነው። የትንሣኤውን ወረብ ስከፍት ቤቱ አጓራ። የመጀመሪያው ምት ሳይጠፋ ሁለተኛው ይደርስበታል፤ ጸናጽሉ በጉርምርምታው ተዋጠ፣ በቁም ሣጥኑ ውስጥ ያሉት ብርጭቆዎችም ተንጫጩ።

ክፍሌ 4 ሜትር በ3.5 ሜትር ነው፤ ስፒከሮቹም ከግድግዳው ከ20 ሴንቲ ሜትር በላይ ሊርቁ አይችሉም። ግድግዳ ባስን ያጎላል፤ የ4 ሜትር ክፍል ደግሞ በ43 ኸርዝ (በሰከንድ 43 ንዝረት) አካባቢ ራሱ ያስተጋባል፤ ቀዳዳውም የሚረዳው ይህንኑ ዝቅተኛ ድምፅ ነው። መጀመሪያ ወፍራም የደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ ከጀርባቸው ሰቀልሁ። የዚህ ድምፅ ሞገድ ግን 8 ሜትር ያህል ስለሚረዝም ብርድ ልብስ አይገታውም፤ ያተረፍሁት የበገናውን ጥራት ማደብዘዝ ብቻ ሆነ።

ሻጩ «ለትንሽ ክፍል የተሠራ ነው» ያለኝ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ወንድሜ፣ የሣጥኑ ማነስ አንድ ነገር ነው፣ የሚቆምበት ቦታ ሌላ ነገር ነው። ከግድግዳው ምን ያህል ታርቀዋለህ ብለህ አንዲት ጥያቄ ብትጠይቀኝ ኖሮ ሁለተኛውን ሣጥን ይዤ እሄድ ነበር። አንተስ በሱቅህ ከግድግዳ ከሜትር በላይ አርቀህ ያቆምኸው ለምን ነበር?

በመጨረሻ ያልተፈተለ የመንዝ በግ ጠጉር በስስ ጨርቅ ጠቅልዬ ሁለቱንም ቀዳዳዎች ወተፍሁ። ጠጉሩ ወደ ውስጥ ገብቶ ዉፈሩን፣ ባሱን የሚያወጣውን ክፍል፣ እንዳይነካ ጥቅሉን በክር አስሬ ጫፉን ውጭ ተውሁት። ጉርምርምታው ወዲያው ረገበ፤ ከበሮው አጭርና ጥርት ያለ ሆነ፣ ጸናጽሉም ተመልሶ ተሰማ። የበገናው ወፍራም አውታሮች ግን ጥቂት ሙላት አጡ፤ ይህ ያሳዝነኛል፤ የከፈልሁት ለዚያ ሙላት ነበርና።

ሰፊ ሳሎን ላለው ሰው ይህን ስፒከር ያለ ማመንታት እመክራለሁ፤ እንደ እኔ ከግድግዳ ጋር ተጣብቆ ለሚያዳምጥ ግን የተደፈነው ይሻለዋል። እኔ አልሸጠውም። ለመጪው ጾም ጠጉሩን አወጣዋለሁ፤ ለፋሲካ ዋዜማ መልሼ እወትፈዋለሁ።