144 ሄርዝ ሞኒተር የምር አይን ያሳርፋል? ሁለት ወር ተጠቅሜበት ያየሁት

ሁለት ወር ሙሉ ባለ 27 ኢንች 144 ሄርዝ ሞኒተር ፊት ተቀምጬ ነው የከረምኩት (ሄርዝ ማለት ስክሪኑ በሴኮንድ ስንት ጊዜ ምስሉን እንደሚያድስ ነው)፣ እና "ሄርዙ ከፍ ካለ አይን አያምም" የሚባለውን ነገር ሰው ሁሉ ስለሚጠይቅ ያየሁትን እንዳለ ልፃፈው። ሞኒተሩ አይፒኤስ ፓኔል ነው (አንዱ የኤልሲዲ ስክሪን አይነት)፣ ጥራቱ 2560 በ1440 ፒክስል፣ መሃከለኛ እቃ፣ የሚያስመካም የሚያሳፍርም አይደለም። ስሙን አልጠራም፣ ምክንያቱም የማወራው ነገር ከስሙ ጋር ብዙም አይገናኝም፣ በዚህ ደረጃ ያለ ሌላ ብትገዙም ነገሩ ተቀራራቢ ነው።

ጌም የምጫወት ሰው አይደለሁም። ስራዬ ፅሁፍና ኤክሴል ነው፣ በቀን 9 እና 10 ሰአት ስክሪን ላይ አፍጥጬ እውላለሁ። የድሮው ሞኒተሬ 60 ሄርዝ ነበር፣ ማታ ላይ አይኔ አሸዋ የገባበት ይመስል ይቆረቁረኛል፣ ግንባሬን ወጥሮ ይይዘኛል፣ አንዳንዴ እራት ሳልበላ መብራት አጥፍቼ እተኛ ነበር። አንድ ወዳጄ "60 ሄርዝ እኮ ነው፣ በሴኮንድ 60 ጊዜ ብልጭ ድርግም እያለ አይንህን እየጨረሰው ነው" አለኝ፣ ሌላም ሰው ብጠይቅ ያንኑ ደገመልኝ፣ በቃ ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች ሆነና ሳላጣራ ገዛሁ። ደግነቱ ሞኒተሩ ጥሩ ነው፣ የገዛሁበት ምክንያት ነው ስህተት የነበረው።

ወሬው የመጣው ከድሮዎቹ ባለ ቱቦ ሞኒተሮች ነው፣ ሲአርቲ ከሚባሉት፣ ከኋላ ሆድ ካላቸው ከባባዶቹ። እነሱ ላይ ምስሉ በኤሌክትሮን ጨረር ከላይ ወደታች እየተሳለ ነው የሚመጣው፣ የተሳለው ደሞ ወዲያው ይደበዝዛል፣ ስለዚህ 60 ሄርዝ ላይ ሲሆን በደንብ ይርገበገባል፣ በተለይ ቀጥታ ሳይሆን በጎን ሲያዩት። ለዛ ነበር ሰው ሴቲንግ ገብቶ 75 ወይ 85 ሄርዝ የሚያደርገው፣ እውነትም አይኑ ያርፍ ነበር። አሁን ያሉት ኤልሲዲዎች ግን እንደዛ አይሰሩም። አንድ ምስል ከመጣ ቀጣዩ እስኪመጣ ሳይጠፋ ይቆያል፣ የቆመ ፅሁፍ እያነበባችሁ ከሆነ 60 ይሁን 144 አይናችሁ የሚያየው ያው ነው። መብራቱ የሚመጣው ከኋላ ካለው ባክላይት ነው፣ እሱ ደሞ በአብዛኛው የራሱ ኑሮ ነው ያለው፣ ከሄርዙ ጋር አይገናኝም። ይሄን ያዙልኝ።

አሁን የሚያሳፍረኝን ላውራ። ሞኒተሩን እንደሰካሁት ሶስት ቀን ሙሉ "አቤት ሲንሸራተት! አይኔ እኮ ቀለለኝ!" እያልኩ ለቤቱም ለስራ ቦታውም ሳወራ ከረምኩ፣ በአራተኛው ቀን በሌላ ጉዳይ ሴቲንግ ውስጥ ስገባ ለካ 60 ሄርዝ ላይ ነው ያለው። ዊንዶውስ በራሱ ላይጨምረው ይችላል፣ ሲስተም፣ ዲስፕሌይ፣ አድቫንስድ ዲስፕሌይ ብላችሁ ገብታችሁ ራሳችሁ ነው የምትመርጡት። እኔ ጋ ደሞ ዝርዝሩ ውስጥ 144 የሚል ጭራሽ አልነበረም፣ ምክንያቱም የላፕቶፔ ኤችዲኤምአይ መሰኪያ የድሮው 1.4 ስለሆነ በዚህ ጥራት ከ75 ሄርዝ ብዙም አያልፍም፣ ዲስፕሌይ ፖርት በሚባለው ሌላ መሰኪያ ስሰካው ነው ያመጣልኝ። ስለዚህ "ገዛሁት ምንም ለውጥ የለውም" የምትሉ መጀመሪያ እሱን እዩ። "በጣም ለውጥ አለው" የምትሉም እዩ ሃሃ።

የምር 144 ሲሆን ግን ልዩነቱ አይካድም። ማውሱን ስታንቀሳቅሱት ቀስቷ እየዘለለች ሳይሆን እየፈሰሰች ትሄዳለች፣ ረጅም ፅሁፍ ስክሮል ስታደርጉ ፊደሉ እየሄደም ይነበባል፣ መስኮት ጎትታችሁ ስትወስዱ ርእሱ አይበተንም። ምክንያቱ ቀላል ሂሳብ ነው፣ 60 ሄርዝ ላይ አንድ ምስል 16.7 ሚሊሰከንድ ይቆያል፣ 144 ላይ 6.9። አይናችን የሚንቀሳቀሰውን ነገር ሳያቋርጥ ነው የሚከተለው፣ ስክሪኑ ግን ምስሉን ባለበት ገትሮ ይዞት ከዛ ድንገት ወደፊት ያዘልለዋል፣ በዚህ መሃል የተፈጠረውን ክፍተት አይን እንደ ብዥታ ያየዋል። ፅሁፉ በሴኮንድ 1000 ፒክስል እየሮጠ ከሆነ 60 ላይ 17 ፒክስል ያህል ይዛባል፣ ይሄ አንድ ሙሉ ፊደል የሚውጥ ነው፣ 144 ላይ ግን ወደ 7 ይወርዳል። እኔ ድሮ ስክሮል ሳደርግ ሳላውቀው ለአፍታ አይኔን ጨፈን አድርጌ ሲቆም ነበር የምገልጠው፣ አሁን ትቼዋለሁ። ቀኑን ሙሉ ረጅም ሰነድ ወይም ኮድ እየተመላለሳችሁ የምታዩ ከሆነ ይሄ እረፍት ነው፣ በግልፅ እረፍት።

ቆይ ግን፣ ማታ ማታ የሚቆረቁረኝስ? እሱም በአብዛኛው ጠፋ! በሳምንት ውስጥ ግንባሬን መወጠሩ ቆመ። እዚህ ጋ ነው ብዙ ሰው "ሄርዙ አዳነኝ" ብሎ ፅፎ የሚያበቃው። እኔ ግን የሶስቱ ቀን ውርደት አልወጣልኝም ነበርና ራሴን ማመን አቆምኩ፣ ሌላ ምንም ሳልነካ፣ ብራይትነሱም የክፍሉ መብራትም እንዳለ ሆኖ፣ ሞኒተሩን ወደ 60 መልሼ አንድ ሳምንት ሰራሁበት። ስክሮሉ አስጠላኝ፣ ማውሱ አናደደኝ፣ ማታ ግን አይኔ ሰላም ነው። ምንም የለም። ስለዚህ ሄርዙ አይደለም ማለት ነው፣ ሌላ የተቀየረ ነገር አለ።

የድሮውን ሞኒተር አውጥቼ ጎን ለጎን አደረግኳቸው። ሁለቱም ላይ ነጭ ገፅ ከፍቼ፣ ክፍሉን አጨልሜ፣ ፊታቸው ላይ እስክሪብቶ በፍጥነት ማወዛወዝ። አዲሱ ላይ እስክሪብቶው እንደ ማራገቢያ ለስለስ ያለ ጥላ ሆኖ ይታያል። አሮጌው ላይ ግን አስር ምናምን እስክሪብቶ ተለያይቶ የቆመ ይመስላል! ስልካችሁ ካሜራ ላይ የሻተር ፍጥነቱን በእጅ ማስተካከል የሚቻል ከሆነ በሱም ይታያል፣ ፈጠን አድርጋችሁ ስታነሱ ስክሪኑ ላይ ጥቁር መስመሮች ይመጣሉ። ይሄ ፒደብሊውኤም የሚባለው ነው፣ ብራይትነስ ስትቀንሱ ባክላይቱ የምር አይደበዝዝም፣ በሴኮንድ መቶዎች ጊዜ ማጥፋት ማብራት ነው የሚሰራው፣ 30 ፐርሰንት ካላችሁት ከጊዜው 30 ፐርሰንቱን ብቻ ይበራል፣ የቀረውን ጨለማ ነው። ፍጥነቱ ከፍ ስለሚል በአይን አይታይም፣ ግን አንዳንድ ሰው ላይ ራስ ምታትና የአይን ድካም ያመጣል፣ እኔ ከነሱ ነኝ መሰለኝ። የሚያስቀው ነገር እኔ ማታ አይኔ ይረፍ ብዬ ብራይትነሱን 20 አደርገው ነበር። በራሴ እጅ! 100 ላይ ቢሆን ኖሮ ብልጭታው አይኖርም ነበር፣ ባሳነስኩት ቁጥር ነው የሚብሰው። አዲሱ መብራቱን ኤሌክትሪኩን በመቀነስ ነው የሚያደበዝዘው፣ ካርቶኑ ላይ "ፍሊከር ፍሪ" (ብልጭታ የሌለው) የሚለው እሱን ነው፣ እኔ ስገዛ አላነበብኩትም፣ 144 የሚለውን ቁጥር ብቻ ነበር የማየው።

አንድ የማልወድለት ነገር አለ። የሞኒተሩ ሜኑ ውስጥ "ሞሽን ብለር ሪዳክሽን" (የእንቅስቃሴ ብዥታ መቀነሻ) የሚል አለ፣ ስትከፍቱት ባክላይቱ ከእያንዳንዱ ምስል ጋር ብልጭ እያለ ይጠፋል፣ ምስሉ ያለጥርጥር ጥርት ይላል፣ ስክሮል እያደረጋችሁ ነጠላ ሰረዝ ሁሉ ትቆጥራላችሁ። በ40 ደቂቃ ውስጥ ግን ግንባሬ ተወጠረ። ያው የሸሸሁት ፍሊከር ነው እኮ፣ በጓሮ በር ነው የገባው። ተኩስ ጌም ለሚጫወት ይጠቅማል ይሆናል፣ ለፅሁፍ ዝጉት።

አይኑ ላይ አሸዋ አሸዋ ማለቱ ደሞ ሙሉ በሙሉ አልለቀቀኝም፣ ስራ ሲበዛ ይመጣል፣ እሱን ምንም ሞኒተር አይነካውም። ሰው በደቂቃ 15 ጊዜ አካባቢ አይኑን ያርገበግባል፣ ኮምፒውተር ላይ ሲያፈጥ ግን ከ5 እስከ 7 ይወርዳል፣ አይን ይደርቃል በቃ። የሚመከረው በየ20 ደቂቃው 6 ሜትር ያህል ርቆ ያለ ነገር ለ20 ሴኮንድ ማየት ነው፣ እኔ በየ20ው አላስታውስም፣ ውሃ ለመቅዳት ስነሳ መስኮት ጋ እቆማለሁ። ስክሪኑን አንድ ክንድ ያህል አርቄ የላይኛውን ጫፉን ከአይኔ ትንሽ ዝቅ አድርጌዋለሁ፣ ወደታች ስታዩ የአይን ቆባችሁ አይናችሁን በከፊል ስለሚሸፍን ድርቀቱ ይቀንሳል። ሰማያዊ ብርሃን የሚከለክል መነፅር ግዙ ለምትሉኝ፣ የአሜሪካ የአይን ሃኪሞች አካዳሚ ራሱ ለስክሪን ብላችሁ አያስፈልጋችሁም ነው የሚለው፣ የህክምና ጥናቶችን ሰብስቦ የሚመዝነው ኮክሬን የሚባለው ድርጅት በ2023 ያወጣው ግምገማም ድካሙን ሲቀንስ አላገኘውም።

ፊልም ለምታዩ አንዲት ነገር፣ ፊልም በሴኮንድ 24 ምስል ስለሆነ 144 ላይ እያንዳንዱ እኩል 6 ጊዜ ይታያል፣ 60 ላይ ግን አንዱ 2 አንዱ 3 እየሆነ ካሜራው ቀስ ብሎ ሲዞር ይንገጫገጫል። ይሄን ካየሁ ወዲህ አለማየት አቃተኝ።

240ስ ልግዛ ለሚል፣ ከ60 ወደ 144 ስትሄዱ በአንድ ምስል ወደ 10 ሚሊሰከንድ ትቀንሳላችሁ፣ ከ144 ወደ 240 ስትሄዱ ከ3 በታች። ለጌም ከሆነ እናንተ ታውቃላችሁ። ለፅሁፍ 100 እና 120ውም ይበቃል፣ የሚተርፈውን ብር ጥራቱ ላይ ብታደርጉት ይሻላል፣ የፊደል ጠርዝ ጥርት ማለቱ ከሄርዙ በላይ ነው ቀኑን ሙሉ የሚታያችሁ። የፍሊከሩን ነገር ግን ሳታዩ አትግዙ፣ ሱቅ ውስጥ ብራይትነሱን አስቀንሱና እስክሪብቶ አወዛውዙ፣ ቢስቁባችሁ ይሳቁ።

አሮጌውን አልጣልኩትም። ብራይትነሱን 100 ላይ ቆልፌ፣ ብርሃኑን ከኮንትራስቱ ቀንሼ፣ ሁለተኛ ስክሪን አድርጌዋለሁ፣ ኢሜይል ብቻ ነው የሚያሳየው። ማውሷ ከአዲሱ ወደሱ በተሻገረች ቁጥር ጭቃ ውስጥ የገባች ነው የሚመስለው።