ጋና ለነርሲንግ ልምምድ ልሄድ ነው፤ ሲስተርን ሳላመሰግን አልሄድም

ሰላም ለሁላችሁ። ሜሪላንድና ዲሲ አካባቢ ያላችሁ የነርሲንግ ተማሪዎች፣ በተለይ ዘንድሮ ሰመር ላይ ከትምህርት ቤታችሁ ጋር ወደ ሞቃት አገር የምትሄዱ፣ ይሄ ለእናንተ ነው። ተመልሼ ብጽፈው ይሻል ነበር፤ ግን ያኔ ለዘንድሮ ተጓዥ ምን ይጠቅመዋል?

ማመስገን የፈለግኩት አንዲት የጉዞ ክትባት ክሊኒክ ውስጥ የሚሠሩ ሐበሻ ነርስ ናቸው። ስሜን እንዳትጽፊ ብለውኛል። ስለዚህ ሲስተር እያልኩ እቀጥላለሁ፣ ለነገሩ እዛ የሚሄድ ሐበሻ ሁሉ የሚጠራቸው እንደዚያው ነው።

የኔ ፕሮግራም ጋና ነው። አብዛኛው ጊዜ አክራ ሆስፒታል ውስጥ፣ ከዚያ ለትንሽ ቀን ወደ ሰሜን፣ ታማሌ አካባቢ። መጀመሪያ የሄድኩት ሌላ ቦታ ነበር። ስሙን አልናገርም። የት እንደምሄድ ጠየቁኝ፣ ጋና ስላቸው ረጅም የክትባት ዝርዝር አተሙና "ዛሬ ሁሉንም መውሰድ ትችያለሽ፣ ክፍያው ይሄን ያህል ነው" አሉኝ። ምን ልሠራ እንደምሄድ እንኳን የጠየቀኝ የለም። ገንዘቡን ሳየው አስቤበት እመለሳለሁ ብዬ ወጣሁ።

ሲስተር ጋ ስሄድ ስለ ክትባት ከማውራታችን በፊት ወንበራቸውን ወደኔ አዞሩና "ከጋና በቀጥታ ነው የምትመለሺው?" አሉኝ። አይደለም፣ በአዲስ አበባ በኩል እናቴን አይቼ፣ አርባ ምንጭ አክስቴ ጋ ደርሼ ነው የምመለሰው። "ይኸዋ!" አሉ። አርባ ምንጭ ቆላ ነው፣ ወባ አለው። ጋና ላይ ብቻ ታስቦ የተቆጠረ የወባ መከላከያ ኪኒን አዲስ አበባ እያለሁ ሊያልቅ ነው ማለት ነው፣ አርባ ምንጭን ያለ መከላከያ ልገባ ነው። ከጋና ኢትዮጵያ ስገባም የቢጫ ወባ ክትባት መውሰዴን የሚያሳይ ካርድ እንደሚፈለግ ነገሩኝ፣ ቢጫ ወባ ከወባ የተለየ በሽታ ነው። አንድ ጥያቄ ነው፣ ግን ዕቅዱን በሙሉ ቀየረው።

ወባን በተመለከተ እኛ ሐበሾች የምንለው ነገር አለ፤ "አፍሪካ ተወልጄ አድጌ ወባ ምን ያደርገኛል።" ክፍላችን ውስጥም ይሄን የሚሉ አሉ። ሲስተር ይሄን ሲሰሙ ይስቃሉ። የት እንዳደግሁ ጠየቁኝ፣ ጉለሌ አልኳቸው። "ታዲያ ወባን የት ታውቂዋለሽ?" እውነታቸውን ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ገደማ ነው፣ እዛ ያደገ ሰው ከወባ ጋር አልተዋወቀም። ጋምቤላ ያደገ እንኳን ቢሆን አሜሪካ ብዙ ዓመት ከኖረ የነበረው መከላከያ ይዳከማል። ጋና ውስጥ ደግሞ ወባው ዓመቱን ሙሉ አለ፣ በብዛት ያለውም ፋልሲፓረም የሚባለው፣ ቶሎ ካልታከመ የሚገድለው ዓይነት ነው።

ከዚያ ስለ ኪኒኑ ቁጭ ብለን አወራን። ማላሮን ከጉዞው አንድ ወይም ሁለት ቀን በፊት ተጀምሮ፣ በየቀኑ ተወስዶ፣ ወባ ካለበት ቦታ ከወጣሽ በኋላ ሰባት ቀን ይቀጥላል። ዶክሲሳይክሊን ይረክሳል፣ ግን ከወጣሽ በኋላ አራት ሳምንት ነው፣ ፀሐይ ላይም ቆዳ ያቃጥላል። ሜፍሎኩዊን በሳምንት አንዴ ነው፣ ሆኖም ጭንቀትና ድባቴ ላለበት ሰው አይሆንም፤ ይሄን ለማወቅ የጠየቁኝን ጥያቄ በአማርኛ፣ በር ዘግተው፣ እንደ እናት ነው የጠየቁኝ። ማርገዝ አስበሽ እንደሆነም ንገሪኝ አሉ፣ ምክንያቱም ኪኒኑም የቢጫ ወባ ክትባቱም በዛ ይወሰናል።

አሁን በጣም የገረመኝን ልንገራችሁ። "ትጾሚያለሽ?" አሉኝ። ጉዞዬ የሰኔን ጾም ይነካል። ማላሮን ከምግብ ጋር፣ በተለይ ቅባት ካለው ምግብ ጋር ሲወሰድ ነው ሰውነት ውስጥ በደንብ የሚገባው፤ ወረቀቱ ላይ ምግብ ወይም ወተት ይላል። እኔ ደግሞ ወተት የለም፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓትም እህል የለም። ጠዋት በባዶ ሆድ ከመዋጥ ማታ ራት ላይ አድርጊው፣ ሰዓቱን አትቀያይሪ፣ ኦቾሎኒ ወይም አቮካዶ ጨምሪበት አሉኝ። ጋና ኦቾሎኒ ሞልቷል። ይሄን ጥያቄ የትኛው ፈረንጅ ክሊኒክ ይጠይቃችኋል? አልወቅሳቸውም፣ አያውቁትማ።

ክትባቱ ላይ ደግሞ ከመውጋት ይልቅ መቀነስ ነው የሠሩት። ለትምህርት ቤት ያስገባሁትን የደም ምርመራ ወረቀት አስመጡኝ። የሄፓታይተስ ቢ መከላከያ (አንቲቦዲ) መጠኔ ከ10 በላይ ስለሆነ ድጋሚ አያስፈልግሽም አሉ፤ ያኛው ቦታ ዝርዝር ላይ ግን ነበረ። ቴታነሱን የራስሽ ሐኪም ጋ ውሰጂ፣ መድንሽ ይከፍለዋል፣ እዚህ ከኪስሽ ነው አሉኝ። ታይፎይድና ቢጫ ወባ እሳቸው ጋ ወሰድኩ። ማጅራት ገትር ላይ ግን አልቀለዱም፣ ታማሌ ያለው ከሴኔጋል እስከ ኢትዮጵያ በሚዘረጋው፣ በሽታው በብዛት በሚነሳበት፣ የማጅራት ገትር ቀበቶ በሚባለው አካባቢ ውስጥ ነውና።

አብራኝ የምትማር ልጅ ድሮ ከአገር ቤት ይዛው የመጣችው የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ነበራት፣ ያው ያኛው ቦታ "አሥር ዓመት አልፎታል፣ እንደገና ተወጊ" ብሏታል። ሲስተር ካርዱን አገላብጠው አዩና ይሠራል አሏት። ከሐምሌ 2016 እ.ኤ.አ. ወዲህ የቢጫ ወባ የምስክር ወረቀት ለዕድሜ ልክ ነው፣ ድሮ የተሰጠውም ጭምር። ለመጀመሪያ ጊዜ የምትወጉ ግን ካርዱ መሥራት የሚጀምረው ከአሥር ቀን በኋላ እንደሆነ አትርሱ። በጉዞ ዋዜማ ሮጣችሁ ብትሄዱ ዋጋ የለውም፣ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ቀደም በሉ።

ነርስ ስለሆኑ ደግሞ ሌላው የማያስበውን ያስባሉ። "የታካሚ መርፌ በስህተት ቢወጋሽ ለማን ነው የምትደውይው?" ዝም አልኩ። ተማሪ ነን፣ በሰው አገር ሆስፒታል፣ ዕቃው አዲስ፣ ሙቀቱ ከባድ፤ ሊያጋጥም ይችላል። ወዲያው በሳሙናና በውኃ መታጠብ፣ ከዚያ የኤች አይ ቪ መከላከያ መድኃኒቱን በተቻለ ፍጥነት፣ ከ72 ሰዓት ሳያልፍ መጀመርና 28 ቀን መጨረስ። መድኃኒቱ እዛው ይገኛል ወይ? በሌሊት ማን ይከፍተዋል? አስተማሪሽን ዛሬውኑ በጽሑፍ ጠይቂያት፣ "እዛ ስንደርስ እናያለን" ካለችሽ አትቀበዪ አሉኝ። ጠየቅኩ። አሁን ሁላችንም የምንደውልበት ቁጥርና መድኃኒቱ ያለበት ቦታ ተጽፎ ተሰጥቶናል። ጓንት በየቁጥሩ፣ ኤን 95 ማስክም ከዚህ ይዘን እየሄድን ነው። የቲቢ ምርመራም ከመሄዴ በፊት አድርጌያለሁ፣ ከተመለስኩ ከስምንት እስከ አሥር ሳምንት ባለው ጊዜ ይደገማል።

ለወባ ትንኝ የሚቀባው ደግሞ መጀመሪያ የፀሐይ ክሬሙ፣ ከዛ በላይ እሱ ነው፣ ተገላቢጦሽ አይደለም። ይቺ ትንሽ ነገር ናት ግን ማንም አልነገረኝም ነበር።

እንግዲህ እውነቱን ለመናገር፣ እንከን የለሽ አይደለም። ስልክ ቶሎ አይነሳም። ቀጠሮ ይዘገያል፣ ቅዳሜ ደግሞ ጭራሽ አይሞከርም። ሲስተር ወሬ ይወዳሉ፣ ቸኩላችሁ ከሄዳችሁ ትበሳጫላችሁ። ሲቆጡም ይቆጣሉ፤ ከኔ በፊት የገባውን ልጅ "ነገ በራሪ ሆነህ ዛሬ ትመጣለህ?" ሲሉት ውጭ ድረስ ይሰማ ነበር። ግን አልመለሱትም፣ ያለ ቀጠሮ አስተናገዱት።

ሲስተር፣ ይሄን ካነበቡት እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥዎት። እናቴም አመስግኚልኝ ብላለች።

የምትሄዱ ሰዎች የድሮ የክትባት ወረቀታችሁን፣ የደም ምርመራ ውጤታችሁን፣ የምትወስዱትን መድኃኒት ዝርዝርና የጉዞ መስመራችሁን፣ መንገድ ላይ የምታርፉበትን ከተማ ሁሉ ጨምራችሁ፣ ይዛችሁ ሂዱ። የክሊኒኩን አድራሻ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እስከ በረራዬ ድረስ እመልሳለሁ።