ሲኤስኤስ ፕሮፋይል ከሐዋሳ ሆኖ ለሚሞላ፦ ምኑ ይመቻል፣ የቱ ጋ ያስቸግራል

የአሜሪካ ኮሌጅ አመልክቶ መጋቢትን የሚጠብቅ ልጅ ባለበት ቤት ጭንቀቱ ሁለት ነው፤ «ይቀበሉኝ ይሆን?» እና «ገንዘቡንስ ይሰጡኝ ይሆን?»። ብዙ የግል ኮሌጆች ሁለተኛውን ጥያቄ የሚመልሱት «ኮሌጅ ቦርድ» የተባለው የአሜሪካ ድርጅት በሚያዘጋጀው ሲኤስኤስ ፕሮፋይል በሚባል ቅጽ የቤተሰቡን አቅም መዝነው ነው። ሃርቫርድ፣ ዬል፣ ፕሪንስተን፣ ኤምአይቲ፣ አምኸርስት፣ ዳርትመዝና ቦውዶይን የውጭ አገር አመልካችንም ቢሆን ድጋፍ ጠየቀ ብለው አይጥሉም። እንዲህ የሚያደርጉት ግን ጥቂት ናቸው። በሌሎቹ ዘንድ የሚጠየቀው የገንዘብ መጠን ለመቀበልም ላለመቀበልም ይታያል፤ ስለዚህ በቅጹ ላይ የተሠራ ስህተት መዘዙ ሁለቱንም ጥያቄ ይነካል።

ፍርዳችንን አስቀድመን እንናገር። ቅጹ ረጅምና አድካሚ ቢሆንም በደንብ ለሞላው ይክሳል። ኮሌጁ አይኤስኤፍኤኤ የሚባለውን ነፃ ቅጽ የሚቀበል ከሆነ ግን ያለማመንታት ያንን ሙሉ።

ዋጋው ለመጀመሪያው ኮሌጅ 25 ዶላር፣ ከዚያ በኋላ ለእያንዳንዱ 16 ዶላር ነው። ስምንት ኮሌጅ ቢሆን 137 ዶላር ይመጣል፤ ለሐዋሳ ደመወዝተኛ ከባድ ነው። ክፍያው የሚፈጸመው በዓለም አቀፍ ካርድ ስለሆነ ከብር ሒሳብ ጋር የተያያዘው ተራ የኤቲኤም ካርድ አያገለግልም። ከክፍያ ነፃ የሚያደርገው አሠራር በዋናነት የታሰበው አሜሪካ ለሚኖሩ ቤተሰቦች ነው። የእኛ ተማሪ ማድረግ የሚችለው ለእያንዳንዱ ኮሌጅ የገንዘብ ድጋፍ (ፋይናንሺያል ኤይድ) ቢሮ አጭር ኢሜይል መጻፍ ነው፦ መክፈል እንደማይችል መግለጽ፣ ከክፍያ ነፃ የሚያደርግ ኮድ ወይም ሌላ ቅጽ እንዳላቸው መጠየቅ። ቅጹ በየዓመቱ መስከረም 21 ገደማ፣ በፈረንጆች ኦክቶበር 1 ይከፈታል፤ ኢሜይሉን በዚያው ሰሞን ላኩት። የአድሚሽኑና የገንዘብ ድጋፉ ቀነ ገደብ ሁልጊዜ አንድ ስላልሆነ ሁለቱንም ለየብቻ መዝግቡ።

የእኛን አመልካቾች ከምንም በላይ የሚያሰናክለው የዘመን አቆጣጠር ነው። ቅጹ የሚጠይቀው ከመግቢያው ዓመት ሁለት ዓመት ወደ ኋላ ያለውን ገቢ ነው፤ በፈረንጆች 2026 መስከረም ለሚጀምር ተማሪ ከጃንዋሪ እስከ ዲሴምበር 2024 ማለት ነው። የእኛ የበጀት ዓመት ደግሞ ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ስለሆነ ያ አንድ የፈረንጅ ዓመት 2016ንም 2017ንም ይነካል። መሥሪያ ቤቱ «የ2016 ደመወዝ» ብሎ የሰጠው ደብዳቤ ኮሌጁ ዘንድ ሲደርስ የስምንት ዓመት አሮጌ ወረቀት ይመስላል። መፍትሔው በፈረንጅ አቆጣጠር ወር በወር የተዘረዘረ ደብዳቤ መጠየቅ ነው፤ ጥቅል ደመወዝ፣ ግብር፣ 7 በመቶው የጡረታ መዋጮና የተጣራው ክፍያ በየወሩ ይታይ። ቅጹ በብር መሙላት ስለሚፈቅድ ራሳችሁ ወደ ዶላር አትመንዝሩ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ብር በእጅጉ ስለወረደ በየትኛው ቀን ተመን እንደመነዘራችሁ ማስረዳት ራሱ ሌላ ጣጣ ነው።

ሁለተኛው ችግር ገቢው በደመወዝ ወረቀት የማይታይ ቤተሰብ ነው። ባጃጅ የሚያሠራ ወይም ሱቅ ያለው ወላጅ የቁርጥ ግብር ደረሰኝ ቢያቀርብ ደረሰኙ የሚያሳየው በግምት የተጣለውን ግብር ነው፤ የወሩን ገቢና ወጪ የሚዘረዝር የተፈረመ መግለጫ ማያያዝ ያስፈልጋል። ከይርጋለም ወይም ከአለታ ወንዶ ቡናና እንሰት የሚመጣለት ቤት ደግሞ ገቢውን ዝቅተኛ፣ ወጪውን ከፍተኛ አድርጎ ይሞላና ቢሮው «ልዩነቱን ማን ሸፈነው?» ብሎ ይጠይቃል። ጥያቄው ሳይመጣ ስለ ልዩ ሁኔታዎች በሚጠየቅበት ቦታ ጻፉት፤ ምግቡ ከራስ ማሳ እንደሚመጣ፣ ከውጭ አገር ዘመድ በዓመት ስንት እንደሚላክ። በ2024 ኢንዱስትሪ ፓርክ ይሠራ የነበረና ከዚያ በኋላ ከሥራ የተቀነሰ ወላጅ ካለ የስንብት ደብዳቤውን አያይዙ፤ አለበለዚያ ቅጹ ዛሬ የሌለ ደመወዝ ይዞ ይሄዳል።

ሰነዶች የሚላኩት እንደ ኮሌጁ ምርጫ በአይዶክ (የኮሌጅ ቦርድ የሰነድ መላኪያ) ወይም በኮሌጁ በራሱ ፖርታል፣ ማለትም አመልካቹ በይለፍ ቃል በሚገባበት ድረ ገጽ ነው። እዚህ ላይ ትንሽ የምትመስል ነገር ብዙ ታስከፍላለች። ክቡ ማኅተም ብዙ ጊዜ የሚያርፈው ልክ ቁጥሩና ፊርማው ላይ ነው። በጥቁርና ነጭ ስካን ሲደረግ ማኅተሙም ጽሑፉም አንድ ዓይነት ጥቁር ሆነው ደመወዙ አይነበብም፤ በቀለም ስካን ሲደረግ ግን ሰማያዊው ከሥሩ ያለውን ቁጥር ያሳልፋል። በአማርኛ ወይም በሲዳምኛ የተጻፈ ከሆነ ዋናውንና ትርጉሙን በአንድ ፒዲኤፍ አድርጉ። ስምም ይታይ፤ ፓስፖርቱ ላይ የአያት ስም የቤተሰብ ስም ሆኖ፣ ቅጹ ላይ ደግሞ የአባት ስም ከተሞላ ሰነዱ ደርሶም ከማመልከቻው ጋር ሳይገናኝ ይቀራል።

ፎርም የሚሞሉ ኢንተርኔት ቤቶችን ለኅትመትና ለስካን ተጠቀሙባቸው። ኢሜይሉና የይለፍ ቃሉ ግን የተማሪው ብቻ ይሁን። «ስኮላርሺፕ አረጋግጥልሃለሁ» ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅ ሰው የማይሸጥ ነገር እየሸጠ ነው።

ቅጹ ከሄደ በኋላ የሚመጡት ወራት ያማሉ። ፖርታሉን በየሰዓቱ መክፈት ውሳኔውን አያፋጥንም፤ በሳምንት አንዴ ቼክሊስቱን፣ ማለትም የደረሱና ያልደረሱ ሰነዶችን ዝርዝር ማየት ግን ይጠቅማል። «አልደረሰም» የሚል መስመር ካለ ሰነዱ ከተላከ ገና ቀናት ብቻ እንደሆኑት አረጋግጡ፤ ቢሮዎቹ ሰነዱን ከማመልከቻው ጋር ለማገናኘት ጊዜ ይወስዳሉ። ሁለት ሳምንት ካለፈ የተላከበትን ቀንና የፋይሉን ስም ጠቅሳችሁ ጻፉላቸው። መደበኛው ውሳኔ በአብዛኛው በማርች መጨረሻ ይወጣል። በምሥራቅ አሜሪካ በፈረንጅ ሰዓት ከምሽቱ 7 ሰዓት (7 PM) ከተባለ ሐዋሳ ላይ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው፤ ልጁን ብቻውን አታስመሹት።

ደብዳቤው ሲመጣ «እንኳን ደስ አለህ» ከሚለው ወርዳችሁ ቁጥሮቹን አንብቡ። ከዓመቱ ጠቅላላ ወጪ ላይ ግራንቱን፣ ማለትም የማይመለሰውን ድጋፍ ብቻ ቀንሱ። ብድር መመለስ አለበት፤ ወርክ ስተዲ ደግሞ ሠርተው የሚያገኙት ደመወዝ ነው። የጤና ኢንሹራንስና የአውሮፕላን ትኬት መካተታቸውን ጠይቁ። የሚቀረውን ክፍተት ቤተሰቡ እንደሚሸፍን በማስረጃ ካላሳየ ኮሌጁ ለቪዛ የሚያስፈልገውን አይ-20 አይሰጥም። ክፍተቱ ከአቅም በላይ ከሆነ አዲስ ሰነድ አያይዛችሁ እንደገና እንዲያዩላችሁ ወዲያውኑ ጠይቁ፤ መልስ የሚሰጥበት የመጨረሻ ቀን በአብዛኛው ሜይ 1፣ ሚያዝያ 23 ነው።