ከዋስትናው ተለጣፊ ሥር የተደበቀው 65 ዋት

ይህንን የምጽፈው ከሱቁ ከተመለስኩ ሁለት ሰዓት ሳይሞላኝ ነው፤ ንዴቱ ገና አልበረደልኝም። ለካሜራ የሚሆን ስዊች፣ በኔትወርክ ኬብሉ ኃይል ጭምር የሚያስተላልፈውን ፒኦኢ የምንለውን፣ ለመግዛት ወደ መገናኛ የምትሄዱ ሁሉ እባካችሁ አንብቡት።

ሻጮቹን ታውቋቸዋላችሁ። ደረጃውን ወጥታችሁ ሳትጨርሱ "ምን ፈልገው ነው?" ይሏችኋል፤ ዕቃው ባይኖራቸውም "አለ፣ ይቀመጡ" ብለው ከጎረቤት ሱቅ ያስመጣሉ። ለእኔም እንደዚያው ሆነ። 14 ካሜራ የሚሸከም ባለ 16 ፖርት (የኬብል መሰኪያ) ስዊች ጠየቅሁ። የመጣው ካርቶን ተከፍቶ ነበር፤ "ሞክረነው ነው" አለኝ ልጁ። ኃይሉን ስጠይቀው "በእያንዳንዱ ፖርት 30 ዋት ነው፣ እርስዎ ብቻ ይሰኩበት" አለና አንድ ካሜራ ሰክቶ አሳየኝ። ምስሉ ጥርት ብሎ መጣ። 27 ሺህ ብር ከፍዬ ወጣሁ።

30 ዋት ማለቱ ውሸት አልነበረም፤ የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው የፒኦኢ ቴክኒክ ደረጃ ለአንድ ፖርት 15.4 ዋት ይሰጥ ነበር፤ በ2009 የወጣው ወደ 30 ዋት አሳደገው። ይህ ግን የአንዱ ፖርት ጣሪያ ነው። ፖርቶቹ ሁሉ የሚካፈሉት ጠቅላላ ኃይል ሌላ ቁጥር ነው። እያንዳንዱ እንግዳ እስኪጠግብ እንዲበላ ተፈቀደ ማለት ሞሰቡ ለሁሉም ይበቃል ማለት አይደለም። ስድስት ዓመት በካሜራ ተከላ ሥራ የቆየሁ ሰው ያንን ሁለተኛ ቁጥር ሳልጠይቅ ገንዘብ ቆጠርኩ። ይህ የእኔ ጥፋት ነው፤ አልክደውም።

ዕቃውን የተከልኩት እህል በረንዳ፣ የአባቴ እኩያ በሆኑ ነጋዴ መጋዘን ነው። ቀን ሁሉም ሠራ። ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ ደወሉልኝ፦ "ልጄ፣ ካሜራዎቹ ሲመሽ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ።" ሄጄ ሳይ ከ9 እስከ 14 ባሉት ፖርቶች ላይ የተሰኩት ስድስቱ ይጠፋሉ፣ ይበራሉ፣ መልሰው ይጠፋሉ።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት ራሴን ነው። የኬብሎቹን ጫፍ ቆርጬ በአዲስ ኮኔክተር አሠርኩ። የስዊቹን ማስተካከያ ገጽ ከፍቼ የየፖርቱን ኃይል አጥፍቼ አበራሁ። ከዚያ ኃይል ሲያንስ የትኛው ፖርት ቀድሞ እንደሚያገኝ የሚወስነውን የቅድሚያ ደረጃ ነካሁ፤ የበሩንና የሚዛኑን ካሜራ "ከፍተኛ"፣ የቀሩትን "ዝቅተኛ" አደረግሁ። በሩ በራ፣ ጓሮው ጠፋ። ጨለማው ቦታ ቀየረ እንጂ አልለቀቀም። ያን ጊዜ ነው የነቃሁት። ካሜራው ቀን 4 ዋት ያህል ይወስዳል፤ ሲመሽ የኢንፍራሬድ መብራቱ ሲበራ ከ7 ያልፋል። ለ14 ካሜራ ሲደመር ወደ 100 ዋት ይጠጋል። ጠቅላላ ኃይሉ የሚወሰንበት ቦታ ላይ 250 ብዬ ጻፍኩ፤ አልተቀበለም። 120 ጻፍኩ፤ አልተቀበለም። 65 ስል ተቀበለኝ።

ስዊቹን ነቅዬ ገለበጥኩት። ሆዱ ላይ የአምራቹ ጽሑፍ አለ፤ የሱቁ የዋስትና ተለጣፊ ደግሞ የጠቅላላ ኃይሉ መስመር ላይ በልኩ ተለጥፏል። ከላይም ከታችም ያለው ጽሑፍ ሁሉ ይነበባል፤ ያ አንድ መስመር ብቻ ተሸፍኗል። በጥፍሬ ቀስ ብዬ አነሳሁት። 65 ዋት ይላል። ቦታ ጠፍቶ ነው እንዳልል፣ ከጎኑ መዳፍ የሚያክል ባዶ ቦታ ነበር።

ዛሬ ጠዋት ይዤው ሄድኩ። ሲሸጥልኝ "እርስዎ" ያለኝ ልጅ "አንተ" አለኝ። ስዊቹን ገልብጦ አየና ለባልደረባው አሳየው። "ተለጣፊው ተነስቷል፣ ዋስትና የለህም" አለኝ። የሸፈናችሁትን ለማንበብ ነው ያነሳሁት ብዬ ስነግረው "የማታውቀውን ዕቃ ለምን ትገዛለህ?" ብሎ ወደ ስልኩ ተመለሰ። ባልደረባው በጣቱ ግድግዳውን አመለከተኝ፦ "የተሸጠ ዕቃ አይመለስም"። ደረሰኙን አወጣሁ። የተጻፈበት "ስዊች 16 ፖርት" ብቻ ነው፤ ስለ ኃይል አንድም ቃል የለውም። ሌላ ደንበኛ ሲገባ "ምን ፈልገው ነው? ይቀመጡ" እያሉ በፊቴ አለፉ። እንደ ቆምኩ ቀረሁ።

የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል። አቤቱታዬን ሰኞ አስገባለሁ።

ለእናንተ የምለው አጭር ነው። ጠቅላላ ዋቱን ጠይቁ፣ በደረሰኙ ላይ አስጽፉ፣ ገንዘብ ሳትከፍሉ ዕቃውን ገልብጣችሁ አንብቡ። የካሜራችሁን የሌሊት ፍጆታ ደምሩና ትርፍ ያለው ውሰዱ።

ነገ በራሴ ገንዘብ ሌላ ስዊች እገዛለሁ። ዛሬ ማታ ግን የጋሼ ጓሮ ጨለማ ነው፤ ለሌሊቱ የተጨመረውን ዘበኛ የምከፍለውም እኔ ነኝ።