ካሺዋሞቺ ወይስ ቺማኪ?

በፈረንጆቹ ሜይ 5 ጃፓን የልጆች ቀን ነው። እስከ 1948 ድረስ ታንጎ ኖ ሴኩ የሚባል የወንዶች ልጆች በዓል ነበር። የዕለቱ ጣፋጭ ግን እንደየአካባቢው ይለያያል።

ቶኪዮና ዙሪያዋ ካሺዋሞቺ ይወዳሉ። የሩዝ ዱቄት ሊጥ ነው፤ ውስጡ አዙኪ የሚባል ትንሽ ቀይ አደንጓሬ ተቀቅሎ፣ ተደቁሶና በስኳር ጣፍጦ ይገባል። ካሺዋ በሚባል የኦክ ዓይነት ዛፍ ቅጠል ይጠቀለላል። ቅጠሉ አይበላም! የካሺዋ ዛፍ አዲስ ቡቃያ እስኪወጣ አሮጌ ቅጠሉን አይጥልም። ስለዚህ የቤተሰቡ ዘር እንዳይቋረጥ መመኛ ሆነ። ልማዱ በኤዶ ዘመን (ከ1603 እስከ 1868) የተስፋፋ ነው።

ኪዮቶና ኦሳካ ደግሞ ቺማኪን ይመርጣሉ፤ እሱም ከሩዝ ሊጥ የሚሠራ ነው። ይሄኛው በዕድሜ ይበልጣል፤ ከቻይና የመጣ ነው። ወንዝ ውስጥ ገብቶ ከሞተው ገጣሚ ከቹ ዩዋን ታሪክ ጋር ያያይዙታል። ቀጭንና ረዘም ያለ ሆኖ በቀርከሃ ቅጠል ይጠቀለልና በሣር ይታሰራል። መፍታቱ ትዕግሥት ይፈልጋል።

ሁለቱም ከአዲስ ሻይ ጋር ይሄዳሉ። የሻይ ለቀማው ወቅት ከሪሹን፣ ማለትም በቀን መቁጠሪያው ጸደይ ከሚጀምርበት ቀን፣ 88ኛው ቀን ላይ ነው፤ ሜይ 2 አካባቢ ይውላል። ምርጫው ለእኔ ቢተው ግን ሚሶ (ከአኩሪ አተር ተብላልቶ የሚሠራ ጨዋማ ሊጥ) የገባበትን ካሺዋሞቺ አነሳለሁ፤ ጨው ጨው የሚለው ጣዕሙ ስኳሩን ይገራዋል።