ልጄን ለቲጄ ላበቋት ካውንስለር ምስጋና፣ ለሌሎች ወላጆችም ጥቆማ

ልጄ በቨርጂኒያ፣ ፌርፋክስ ካውንቲ በሚገኘው የቶማስ ጀፈርሰን የሳይንስና ቴክኖሎጂ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ ሁላችንም «ቲጄ» እያልን በምንጠራው፣ ትምህርቷን በመከታተል ላይ ትገኛለች። ለዚህ ያበቋትን የቀድሞ ትምህርት ቤቷን ካውንስለር (የተማሪዎች አማካሪ) በአደባባይ ማመስገን የዘወትር ምኞቴ ነበር። ስማቸው እንዲጠቀስ ስላልፈለጉ አልጽፈውም፤ ሥራቸውን ግን በዝርዝር መናገር እወዳለሁ፤ ምክንያቱም ለእኛ ያደረጉልን ነገር ማንኛውም ወላጅ ከልጁ የመንግሥት ትምህርት ቤት ያለ ምንም ክፍያ ሊጠይቀው የሚችል አገልግሎት ነው።

ቲጄ እ.ኤ.አ. በ1985 የተቋቋመ፣ በሂሳብና በሳይንስ ላይ ያተኮረ፣ ተማሪዎቹን አወዳድሮ የሚቀበል የመንግሥት ትምህርት ቤት ነው። በእኛ ማኅበረሰብ ውስጥ ስሙ ሲነሳ ከሁሉ በፊት የሚወራው ስለ ከባዱ የመግቢያ ፈተናና ለፈተናው ማዘጋጃ ስለሚከፈለው ገንዘብ በመሆኑ ባለቤቴና እኔ ነገሩን ከአቅማችን በላይ አድርገን እናየው ነበር። ካውንስለሯ ግን ፈተናውም ሆነ የ100 ዶላሩ የማመልከቻ ክፍያ እ.ኤ.አ. በ2020 መቅረታቸውን፣ በአዲሱ አሠራር የተማሪው አማካይ ውጤት ቢያንስ 3.5 መሆን እንዳለበት፣ ተማሪው ራሱን የሚገልጽበትና የቀረበለትን የሂሳብ ወይም የሳይንስ ጥያቄ ፈትቶ የሚያብራራበት ጽሑፍ እንደሚጠየቅ፣ እንዲሁም ከእያንዳንዱ የመንግሥት ሚድል ስኩል (መካከለኛ ደረጃ ትምህርት ቤት) ከስምንተኛ ክፍል ተማሪዎች ቁጥር 1.5 በመቶ የሚሆን ቦታ ለዚያው ትምህርት ቤት አመልካቾች እንደሚያዝ ታግሠው አስረዱን። ይህ የመጨረሻው ነጥብ ብዙ አመልካች ከሌለበት ሰፈር ለሚመጣ ልጅ ትልቅ ትርጉም አለው።

ከሁሉም በላይ የማመሰግናቸው ግን ስለ አልጀብራ ስለነገሩን ነው። ለቲጄ የሚያመለክት ተማሪ ስምንተኛ ክፍል ላይ ቢያንስ አልጀብራ 1 እየተማረ መሆን አለበት፤ ለዚያ ለመድረስ ደግሞ ሰባተኛ ክፍል ላይ የሚወስደው የሂሳብ ትምህርት ወሳኝ ነው። ልጄ ለሰባተኛ ክፍል የተመዘገበችው በመደበኛው የሂሳብ ክፍል ነበር። ካውንስለሯ የስድስተኛ ክፍል ውጤቷን ካዩ በኋላ እኛ ሳንጠይቃቸው ደውለው፣ በዚያው ከቀጠለች ስምንተኛ ክፍል ላይ አልጀብራ ለመውሰድ እንደምትቸገር፣ ወላጅ ከመደበኛው ከፍ ላለው የሂሳብ «ኦነርስ» ክፍል መጠየቅ እንደሚችልም ነገሩን። ክፍሏ ተቀየረ። መጀመሪያ ላይ ስትቸገር ከመምህሯ ጋር ተነጋግረው ከትምህርት ሰዓት ውጪ እገዛ የምታገኝበትን መንገድ አመቻቹላት። ያ ስልክ ባይደወል ኖሮ ልጄ ማመልከት የምትችልበት ጊዜ ሳናውቀው ባለፈ ነበር፤ በእኔ እምነት ብዙ ጎበዝ ልጆቻችን የሚቀሩት በችሎታ ማነስ ሳይሆን ይህን መረጃ በወቅቱ የሚነግራቸው ሰው በማጣት ነው።

ስለ ጽሑፉ ሲመክሯትም በገንዘብ የተዘጋጀ ድርሰት እንዳትሸመድድ፣ በቤቷ ካለው ኑሮ እንድትነሣ አበረታቷት። እርሷም አባቷ ለሥራ በሚያሽከረክረው መኪና የሳምንት የነዳጅ ወጪ ላይ የሠራችውን ስሌት መነሻ አደረገች። የትምህርቱን ክብደት ግን አልደበቋትም፤ የቤት ሥራው ብዙ እንደሆነ፣ ባትመረጥም የሰፈሯ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጥሩ እንደሆነ አስቀድመው ነግረዋታል። ለአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ እንዲህ በግልጽና በአክብሮት የሚናገር ሰው ማግኘት መታደል ነው።

ዛሬ ልጄ ዘጠነኛ ክፍል ላይ ባዮሎጂን፣ እንግሊዝኛንና ቴክኖሎጂን አቀናጅቶ የሚሰጠውን ትምህርት በደስታ እየተማረች ነው። ከወዲሁ የምታስበው ግን አሥራ ሁለተኛ ክፍል ላይ ስለሚሠራው የምርምር ሥራ ነው። የዚህ ትምህርት ቤት ተማሪዎች የሠሯት አነስተኛ ሳተላይት እ.ኤ.አ. በኅዳር ወር 2013 እዚሁ ቨርጂኒያ ካለው የዋሎፕስ ደሴት የሮኬት ማስወንጨፊያ ወደ ሕዋ መወንጨፏን ከሰማች ወዲህ ስለ ሌላ ነገር አታወራም። እግዚአብሔር ለካውንስለሯ ዕድሜና ጤና ይስጥልን፤ ውለታቸውን በቃል ብቻ የምንመልሰው አይደለም።

በአካባቢው ለምትኖሩ ወላጆች የምጠቁመው ይህንን ነው፦ ልጃችሁ ስድስተኛ ክፍል ሳይጨርስ የትምህርት ቤቱን ካውንስለር ቀጠሮ ጠይቁ፤ የሚቀጥለው ዓመት የሂሳብ ክፍሉ የትኛው እንደሆነና ስምንተኛ ክፍል ላይ አልጀብራ 1 ያደርሰው እንደሆነ በቀጥታ ጠይቁ። መስፈርቱ ሊሻሻል ስለሚችል የዓመቱን ደንብ ከእነርሱ አረጋግጡ። የቲጄ የፖስታ አድራሻ አሌክሳንድሪያ ቢልም፣ ትምህርት ቤቱ የሚቀበለው ከፌርፋክስ፣ ከአርሊንግተን፣ ከላውደንና ከፕሪንስ ዊሊያም ካውንቲዎች እንዲሁም ከፎልስ ቸርች ከተማ ነው፤ የራሷ የትምህርት አስተዳደር ያላት የአሌክሳንድሪያ ከተማ በዚህ ውስጥ ስለሌለች ቤት ለመከራየት ወይም ለመግዛት ያሰባችሁ ይህን ልብ በሉ። እንግሊዝኛ የሚያስቸግራችሁም አትፍሩ፤ የፌርፋክስ ካውንቲ ትምህርት ቤቶች ለወላጆች የመረጃ ስልክ ካዘጋጁባቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው፤ ለካውንስለሩ ቀጠሮም አስተርጓሚ እንዲመደብላችሁ አስቀድማችሁ መጠየቅ ትችላላችሁ።